የሪዲም አልበም «አንድ ዘፈን ሃያ ጊዜ» አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው የመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ዳንስሆል፣ ስለ ጃማይካው የጭፈራ ሙዚቃ፣ የጻፈው ሰው የሪዲም ስብስቦችን «አንድ ዘፈን ሃያ ጊዜ» ብሎ አጣጥሏቸዋል። አልተዋጠልኝም። ሙዚቃው ለምን እንደተሠራ ሳያዩ መፍረድ ነው።

ጃማይካ ውስጥ አቀናባሪው መጀመሪያ ቤዙንና ከበሮውን ይሠራል፤ ሪዲም የሚባለው ይሄ ነው። ከዚያ አንዱ ድምፃዊ መጥቶ ስለ ፍቅር ይዘፍንበታል፣ ሌላው ይፎክርበታል፣ ሌላው ደግሞ ስለ ኑሮው ያማርርበታል። ተሰብስበው በአንድ አልበም ይወጣሉ። የትናንት ፈጠራም አይደለም፤ ጃማይካዊው አቀናባሪ ሩፒ ኤድዋርድስ በአንድ ሪዲም ሙሉ አልበም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። እኛስ ብንሆን ትዝታን ስንት ድምፃዊ ተጫውቶታል? ማን «ደገሙት» አለ?

ድዋሊን ውሰዱ። ስቲቨን ማርስደን፣ ሰው ሌንኪ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ሪዲም ነው። በውስጡ ያለው ጭብጨባ ሲጀምር ቁጭ ብሎ የሚቀር ሰው አላውቅም። ሾን ፖል «ጌት ቢዚ»ን የሠራው በሱ ላይ ነው፤ በ2003 የአሜሪካ ቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ዌይን ወንደር በዚያው ምት ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ተጫወተበት። ባውንቲ ኪለር ደግሞ የድሃውን ስቃይ ዘፈነበት፣ ያውም ሰው እየጨፈረ! ይሄ ታዲያ አንድ ዘፈን ነው?

ዋናው ነገር ግን ፓርቲው ላይ ነው። ጭፈራ የመራ ሰው ያውቀዋል፣ ዘፈን ሲቀየር ምቱ ካልገጠመ ሰው ግራ ይገባዋል፣ ግማሹ ወደ መጠጡ ይሄዳል፣ ግማሹ ስልኩን ያወጣል፣ ያንን ሙቀት መልሶ ማምጣት ደግሞ ቀላል አይደለም። ሪዲም ላይ ይሄ ክፍተት የለም። ሴሌክተሩ፣ እዚያ ሙዚቃ የሚያጫውተውን እንደዚያ ነው የሚሉት፣ ከአንዱ ድምፃዊ ወደ ሌላው ሲያልፍ ቤዙ እንደቀጠለ ነው። ድምፁ አዲስ፣ ምቱ የለመዱት። እግር አይቆምም።

ሁሉም ጥሩ ነው አላልኩም። ብዙዎቹ አልበሞች ውስጥ ለማሟያ የገቡ ዘፈኖች አሉ፤ ቤት ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መስማትም ይሰለቻል። ለዚያ ግን አልተሠሩም፣ ለትልልቅ ስፒከርና ለተሰበሰበ ሰው ነው የተሠሩት።

አንድ ልመና አለኝ። ስለ ዳንስሆል ስትጽፉ የዘፋኙን ስም ብቻ አትጥሩ። ሾን ፖልን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሌንኪን ግን ማን ያውቀዋል? እ.ኤ.አ. በ1985 ከትንሽ የካሲዮ ኪቦርድ በተነሳው በስሌንግ ቴንግ ሪዲም የጃማይካን ሙዚቃ አቅጣጫ ያስቀየረውን ኪንግ ጃሚንስ? በሚቀጥለው እትም ስለነሱ አንድ ገጽ ስጡን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ