ሰዓቷ ወጣች ወይ፣ አባዬ?

አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለው? ድሬ ሙቀቱ ብሷል ብሎኛል ማሙሽ። በረንዳ ላይ ስትተኛ አጎበሩን እንዳትረሳ። የደም ግፊቱ ኪኒን ደግሞ በየቀኑ ጠዋት ነው የሚዋጠው፣ ሲያምህ ብቻ አይደለም። በስልክ ስነግርህ «እሺ እሺ» ትልና ስለ ልጆቹ ትጠይቀኛለህ። ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ ሁለት ጥርስ አውልቃ ፈገግታዋ በረት መስሏል። ትልቁ በቁመት በልጦኛል፣ በዚያ ላይ ሒሳብ ይወዳል። ያንተን ሰዓት፣ ያቺን የካርታ ጨዋታህን፣ አስተምሬዋለሁ።

አዎ፣ እኔም እጫወታታለሁ። የምሠራበት የአዛውንቶች ቤት ሥራው ማንሳት፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ ነው። ማታ ስገባ እግሬ አይሸከመኝም፤ እንቅልፍ ግን ቶሎ እሺ አይልም። ሻይ አፈላለሁ። ካርታውን በውዤ አራት አራት አድርጌ እደረድራለሁ፤ አሥራ ሁለቱን ዙሪያውን እንደ ሰዓት፣ አሥራ ሦስተኛውን መሃል። ከመሃል አንዱን እገልጣለሁ። አምስት ከመጣ የአምስት ሰዓቱ ክምር ሥር እወሽቀውና የዚያኑ ክምር የላይኛውን እገልጣለሁ። ማሰብ የለ፣ መምረጥ የለ። ቀኑን ሙሉ ስለ ሰው ሳስብ ውዬ፣ እዚህ ጋ ካርታው ራሱ ይወስንልኛል። የንጉሥ ቦታ መሃሉ ነው፤ አራተኛው ንጉሥ ሲመጣ አለቀ። ያልተገለጠ ከቀረ ተሸነፍኩ፤ ሁሉም ተገልጦ ከሆነ ሰዓቷ ወጣች።

ልጄ «ኪንግ» ይለዋል። እኔ እስከዛሬ «ርዋ» ነው የምለው። ምድር ባቡር ውስጥ ካርታውም ፈረንሳይኛ ነበራ! ከጅቡቲ ያመጣሃት ካርታ ላይ ጥጓ ተቀዶ በፕላስተር የለጠፍካት ርዋ ትዝ ትልሃለች? ጀርባዋን አይተን እናውቃት ነበር።

ባለፈው ልጁ ምን አለኝ መሰለህ? «ማሚ፣ ይህ ጨዋታ እኮ ከ13 አንዴ ነው የሚወጣው።» አስረዳኝ። ሰዓቷ እንድትወጣ መጨረሻ የምትገለጠው ካርታ የግድ ርዋ መሆን አለባት። 52 ካርታ ውስጥ ርዋ አራት ነው፤ 4 ለ52፣ 1 ለ13። «ማንም ቢበውዘው ያው ነው» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ውሃውን ከፍቼ ቆየሁ።

አባዬ፣ ይህን ልጽፍ አልነበረም። በ1979 እማዬ ሆስፒታል የገባች ሰሞን፣ አርብ ማታ፣ ካርታውን ሰጠኸኝና «አንቺ በውዢ፣ እጅሽ ይቀናል። ሰዓቷ ከወጣች እናትሽ እሁድ ትመጣለች» አልከኝ። 11 ዓመቴ ነበር። እጄ እስኪያልበኝ በወዝኩ። ሦስቱ ርዋዎች ወጥተው ነበር። የዘጠኙ ክምር ላይ ያቺ ፕላስተር ታየችኝ። ዘጠኝ እንዳይመጣ ለገብርኤል ተሳልኩ። ዘጠኝ መጣ። አንተም አይተሃታል፣ አውቃለሁ፣ እጅህ ትንሽ ቆም ብሏል። ገለጥካት። ካርታውን ሰብስበህ «በሉ ተኙ» አልከን።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ እትዬ እየጮኸች መጣች።

የበወዝኩት እኔ ነበርኩ፣ አባዬ። ያንቺ ጥፋት ነው ያለኝ ሰው የለም። አይደለም ያለኝም የለም። አንተ ከዚያ በኋላም በረንዳው ላይ ብቻህን ትደረድር ነበር፤ እኔ በሩ ሥር ቆሜ እጠብቅ ነበር። ምን እንደምጠብቅ ሳታውቅ አትቀርም።

ያኔ 39 ዓመትህ ነበር። እኔ አሁን 50 ሞልቶኛል፣ እና ሁለት ልጅ ይዞ ብቻውን ለቀረ ሰው አዝናለሁ። ከልቤ አዝናለሁ። ግን «ጨዋታ እኮ ነው፣ ልጄ» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

በቃ፣ ተውኩት።

ማሙሽ ባለፈው ወር «አባዬ ሰባትን አንድ ሰዓት ቦታ አስቀመጠ» ብሎ ሲስቅ እኔም ሳቅሁ። «የሐበሻ ሰዓት እየቆጠረ ነው» አልኩት። እኛ ሰባት ሰዓት ስንል መርፌው አንድ ላይ አይደል? ራሴን እንዲህ አታለልኩ። እሁድ ደግሞ ቪዲዮ ላከልኝ። አሥራ ሁለቱን ክምር ልክ እንደ ድሮህ ደረደርክ። እጅህ ላይ አራት ቀሩ። አየሃቸው። ገለበጥካቸው። ቀና ብለህ ማሙሽን አየኸው። ከዚያ አጣጥፈህ ሸሚዝህ ኪስ ውስጥ ከተትካቸው።

ይህን ስንቴ ደጋግሜ እንዳየሁት አልነግርህም። ሥራዬን ታውቃለህ።

ስም አላወጣለትም። ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስ ሰው ይረሳል፤ ታይሮይድ ሲዛባም ይረሳል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ይታከማሉ። ማክሰኞ ማሙሽ ሐኪም ጋ ይወስድሃል፣ ብሩን ልኬለታለሁ። «ሽማግሌ አይረሳም እንዴ?» ብለህ እንዳትመልሰው። የምትውጣቸውን ኪኒኖች በሙሉ በፌስታል ይዘህ ሂድ።

እኔ ለጥምቀት እመጣለሁ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ስለዚያ አርብ ማታ የምትለኝ ካለህ እስከዚያ ያዝልኝ። ከረሳኸው ግን ማንን ልጠይቅ?

ካርታውን ማሙሽ አይደብቅብህ፣ ነግሬዋለሁ። ኪስህ ውስጥ ያሉትን አውጣቸው። የመሃሉ ናቸው፣ አባዬ። አራቱ የመሃሉ ናቸው።

ልጅህ