ደብዳቤ ለልጄ፦ ዓሣው ይቆይ፣ ውሃው ይቅደም

እሙዬ፣

ትናንት "አኳሪየሙን ገዛሁ፣ ነገ ዓሣ ልጨምርበት ነው" ስትይኝ ዝም ያልኩት ስላልተደሰትኩ አይደለም። ደስ ብሎኛል። "ነገ" ስትይ ግን ሆዴን ባር ባር አለኝ። በስልክ ብነግርሽ ደግሞ "አባዬ በቃ ገባኝ" ብለሽ እንደምትዘጊው ስለማውቅ ልጻፍልሽ አልኩ።

ነገ ዓሣ አትጨምሪ። በሚቀጥለው ሳምንትም አትጨምሪ። ውሃ ሙዪበት፣ ውሃ የሚያጣራውን ፊልተርና ማሞቂያውን ሰኪ፣ ከዚያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያለ ዓሣ ይሥራ። "ባዶ ውሃ እያየሁ ልቀመጥ?" አዎ፣ ቁጭ በይ።

አንቺ ሳትወለጂ አንድ ትንሽ አኳሪየም ነበረኝ። ጠዋት ሞላሁት፣ ከሰዓት 12 ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎች ለቀቅኩበት። ውሃው ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ጠጪኝ ጠጪኝ የሚል ዓይነት ነበር። በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። ቆሽሾባቸው ነው ብዬ ፊልተሩን ፈታሁና ስፖንጁን እንደ ሸሚዝ አንገት በቧንቧ ውሃ አሸሁት። በሁለት ቀን ውስጥ አንድም አልተረፈ።

ዓሣ በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካሉ፣ አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በዓይን አይታይም፣ ስንጥባቸውን ግን ያቃጥላል። ይህን አሞኒያ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ በልተው ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ ኦክስጅን እያለ ይታፈናሉ። ቀጥሎ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ይሄኛው እስካልበዛ ድረስ ያን ያህል አይጎዳም፣ እፅዋቱ ይመገቡታል፣ የቀረውን አንቺ ውሃ ስትቀይሪ ትደፊዋለሽ። ችግሩ ባክቴሪያዎቹ የሚባዙት ቀስ ብለው ነው። በብዛት የሚኖሩትም ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው እንጂ ውሃው ውስጥ አይደለም። ያኔ ገና ጥቂቶች ብቅ ብለው እንደሆነ እንኳ እነሱንም እኔው በቧንቧ ክሎሪን ጨረስኳቸው ማለት ነው።

ባክቴሪያ ደግሞ ምግብ ከሌለ አይመጣም። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጊበት፣ ይበስብስ። ዓሣ የሚያረባ ጓደኛ ካለሽ ደግሞ ከፊልተሩ አሮጌ ስፖንጅ ቆርጦ ይስጥሽ፤ ሳይደርቅ አምጥተሽ ፊልተርሽ ውስጥ ክተቺው። የእሱ ዓሣዎች ጤነኛ ከሆኑ ግን ነው። ያረጀ ውሃ ቢሰጥሽ ምንም አይጠቅምሽም።

በጠብታ የሚሠራውን የውሃ መመርመሪያ ግዢ። ትንሿን ብልቃጥ በአኳሪየሙ ውሃ ትሞያለሽ፣ ጠብታውን ትጨምሪያለሽ፣ ትነቀንቂያለሽ፣ ከዚያ ቀለሙን ካርዱ ላይ ካለው ጋር ታስተያያለሽ። መጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል። ከዚያ እሱ ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፤ እዚህ ላይ ነው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው፣ ቀናት ያልፋሉ፣ ቀለሙ ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ታገኛለሽ። ምግብ እየጨመርሽ እንኳ ለጥቂት ቀናት ዜሮ ላይ ከቆዩ ያኔ ዓሣ ግዢ።

እስከዚያ ሌላውን አስተካክዪ። 60 በ30 በ30 ሴንቲሜትር ነው ያልሽኝ፤ ጥሩ መርጠሻል፣ ከዚያ ያነሰ ይቀላል የሚሉሽን አትስሚ፣ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይበላሻል። ግን 54 ሊትር ነው፣ ውሃው ብቻ 54 ኪሎ። መጽሐፍ መደርደሪያሽ ላይ እንዳታወጪው! ፀሐይ ከሚያገባ መስኮትም አርቂው፣ አረንጓዴ ይለብሳል። ማሞቂያው 50 ዋት ገደማ ይበቃል፣ 25 ዲግሪ ላይ አድርጊው። ውሃ ስትቀይሪ አስቀድመሽ ንቀዪው፤ ከውሃ ውጭ ሆኖ ከጋለ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ የሚንጠባጠብ ውሃ መሬት ላይ እንዲወርድ። አኑቢያስ የሚባለውን የውሃ ተክል ከተከልሽ ወፍራሙን ግንድ ጠጠር ውስጥ አትቅበሪው፣ ይበሰብሳል። እንጨት ላይ በክር እሰሪው።

የላክሽልኝን የዓሣ ዝርዝር ሳይ ደግሞ ሳቄ መጣ። ጎልድፊሽ፣ ቤታ፣ ጋፒ፣ ኒዮን፣ ሁሉም በአንድ ቤት! ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚወደው፣ ሲያድግም ከ20 ሴንቲሜትር ያልፋል። ወንድ ቤታ የጋፒን ረጅም ጭራ ሲያይ ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ ሊነክሰው ይችላል። የቀሩትን ሁለቱን ውሃሽ ይምረጥልሽ። የምታፈዪበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዪው። ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ ውሃሽ ጠንካራ፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት ነው፣ ለጋፒ ይስማማል። ቅርፊት ከሌለው ለኒዮን ይሻላል። ጋፒ ከሆነ ወንዶች ብቻ ግዢ። ሴቷ በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፣ የወንዱንም ዘር ለወራት ስለምታቆይ ብቻዋን ብትሆንም አታርፍም። ኒዮን ከሆነ 8 ወይም 10 ይሁኑ፤ ሁለት ሦስት ከሆኑ ሲፈሩ ይኖራሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን ግን አይሆንም። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። በሳምንት አንዴ የውሃውን ሩብ ቀይሪ፣ አዲሱን ክሎሪን በሚያጠፋው ፈሳሽ አክመሽ። ስፖንጁን አልፎ አልፎ፣ ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ ብቻ እጠቢ። ምግብ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ስጪ። ይለምኑሻል፤ ዓሣ ጠግቦም ይለምናል።

ዓሣዎቹ የመጡ ቀን ከረጢቱን ሳትፈቺ ውሃው ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፍፊው፣ ሙቀቱ እኩል ይሁን። መብራቱን አጥፊ። የከረጢቱን ውሃ አትገልብጪበት፣ በመረብ አውጥተሽ አስገቢያቸው። መጀመሪያ ቀን ተደብቀው ሊውሉ ይችላሉ። ኒዮን ከሆኑ ደግሞ ሌሊት ተነስተሽ በስልክሽ መብራት ስታዪያቸው ሰማያዊና ቀይ መስመራቸው ጠፍቶ ገርጥተው ታገኚያቸዋለሽ። ሲጨልም እንደዚያ ናቸው፣ ሲነጋ ቀለማቸው ይመለሳል። ስለዚህ ለዚያ ብለሽ በሌሊት እንዳትደውዪልኝ።

አባትሽ