ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፦ የቢሾፍቱ ኤርፖርት ሲሙሌሽን ይውጣልን

ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍላችሁ ከዋሽንግተን ነው። አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ ኤርፖርቱ ይሰራ ከሚሉት ነኝ። ቦሌ ጠቧል። ደግሞ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል፣ የፊት ለፊት ንፋሱም ተጨምሮበት ከዚህ ስንሄድ በቀጥታ ገብተን ስንመለስ ግን መሀል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት እናርፋለን (እናቴ "ሳይሞሉ ነው እንዴ የሚነሱት?" ትላለች)። ቢሾፍቱ ዝቅ ያለ ነው፣ እሰየው።

የኔ ጥያቄ ቁጥሩ ላይ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲያልቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ ተብሏል። ከየትኛው ሲሙሌሽን (ወደፊት ሊሆን የሚችለውን በኮምፒውተር እያስመሰሉ ከሚሞክሩበት ስሌት) ነው የወጣው? ያለፈውን እድገት በማስመሪያ ወደፊት መጎተት እኮ ሲሙሌሽን አይደለም።

ካናዳ ሞንትሪያል ላይ ሚራቤል የሚባል ኤርፖርት ነበር። የገበሬ መሬት በገፍ ወስደው እ.ኤ.አ. በ1975 ከፈቱት፣ ትራፊኩ ይጎርፋል ብለው። ከዛ ሩቅ የሚበሩ አውሮፕላኖች መጡና ነዳጅ ለመቅዳት ሞንትሪያል ማረፉ ቀረ፣ ስራው ወደ ቶሮንቶ ሄደ፣ ከተማ ድረስ ይሰራል የተባለው ፈጣን ባቡር ሳይሰራ ቀረ፣ አሮጌው ኤርፖርትም ሳይዘጋ መንገደኛውን ተካፈለ። በ2004 የመጨረሻው የመንገደኛ በረራ ተነሳ፣ ከ2014 ጀምሮ ተርሚናሉ ራሱ ፈረሰ። ተሳፋሪ አጥቶ!

እኛም ጋ እኮ ያው ጣጣ አለ። የቢሾፍቱ መንገደኛ 80 በመቶው ትራንዚት (አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ የሚያርፍ) ነው ተብሏል፣ ትራንዚት ደግሞ ዘመድ የለውም፣ አሁን እንደ ኤ321 ኤክስኤልአር ያለ ትንሽ ሆኖ ሩቅ የሚበር አውሮፕላን ስላለ አንዱ ተነስቶ ሌጎስን ከሙምባይ በቀጥታ ቢያገናኝ ያ ሰውዬ እኛ ጋ ምን ሊሰራ ይመጣል? ባቡሩና መንገዱ አምስት ዓመት ቢዘገይስ? እንደ 2020ው ኮሮና ያለ ነገር ብድሩ በሚከፈልበት ሰዓት ቢመጣስ? ሙቀቱ ሲጨምርስ፣ ሞቃት አየር ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል፣ የቢሾፍቱን ጥቅም ስንት ይበላዋል? እነዚህን እያቀያየሩ ሞዴሉን አስር ሺህ ጊዜ ማስኬድ ነው፣ ከዛ ስንቱ 60 ሚሊዮን ደረሰ፣ ስንቱ 30 ላይ ቆመ ብሎ መናገር። የቦሌ ዕጣም አብሮ ይግባበት፣ የሚራቤል አንዱ ትልቅ ስህተት አሮጌው ኤርፖርት ሳይዘጋ መቅረቱ ነበርና።

አሰርታችሁት ከሆነ ድረገጻችሁ ላይ ለጥፉት፣ ታሳቢዎቹን ጭምር። ካላሰራችሁ ደግሞ ሁለተኛው ምዕራፍ ሳይጀመር አሰሩት፣ በሙያው ያለን ልጆች እዚህም እዛም አለን፣ ያለ አበል እንፈትሸዋለን።