ሌንስ ስናወዳድር ካሜራው አንድ ይሁን

ሰላም አዘጋጅ፣ ከሀዋሳ ነው የምጽፈው። እዚህ ሐይቁ ዳር ሰርግ የምናነሳ ልጆች ካኖን ይሻላል ኒኮን ይሻላል ስንባባል እንውላለን፣ ግን አንዱ በካኖን ካሜራ ሌላው በኒኮን ካሜራ ተነስቶ ሌንሱ ነው የበለጠው ሲባል በጣም ያናድደኛል፣ ሴንሰሩም (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ጄፔጉም (ካሜራው ራሱ አስተካክሎ የሚያወጣው ፎቶ) እኮ ቀለሙንና ጥራቱን ይቀይረዋል።

ሁለቱን ሌንሶች በአንድ ካሜራ ማየት ይቻላል። የኒኮን ኤፍ ማውንት (ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጠምበት) ከሴንሰሩ 46.5 ሚሊሜትር ይርቃል የካኖን ኢኤፍ ደግሞ 44፣ በመሀል ለማገናኛው ቀለበት ለአዳፕተሩ ቦታ ይተርፋል፣ ስለዚህ የአፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ቀለበት ያለው የድሮ ኒኮን 50 ሚሊሜትር በተራ አዳፕተር ካኖን ላይ ይገጠማል፣ ፎከሱ በእጅ ቢሆንም። ከዛ ትራይፖድ፣ አንድ አይነት አፐርቸር፣ ፎቶው በሮው (ካሜራው ሳያስተካክለው)፣ በቃ።

መሀሉን ብቻ አትዩ፣ መሀል ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው፣ ጥግ ጥጉን አጉሉት። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ነጭ ሰማይ ከጀርባው ሆኖ ሲቆም አፐርቸሩን ከፍታችሁ በ1.8 አንሱት፣ ላባው ጠርዝ ላይ ሐምራዊ መስመር የሚያወጣው ሌንስ ወዲያው ይለያል። አፐርቸሩ ጠበብ ብሎ 5.6 ላይ ግን ርካሹም ውዱም 50 በጣም ስለሚቀራረብ ቀን ቀን ለሚሰራ ልጅ ውዱን ግዛ ማለት ግፍ ነው።

እባካችሁ የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ እንደዚህ አይነት ንጽጽር አውጡልን፣ እዚህ ብዙ ልጅ ተበድሮ ነው ሌንስ የሚገዛው።

አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ