ገበያው ተሸጠ ብላ ለምታለቅስ ልጄ

ውድ ልጄ ሰላማዊት፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ጉልበቴን ያመኛል። ስልክ እያለ ወረቀት ያነሣሁት አንቺ ማልቀስ ስትጀምሪ እኔም ቃል ስለሚጠፋኝ ነው። ደብዳቤ ሲሆን ግን እያለቀስሽም ቢሆን አንብበሽ ትጨርሺዋለሽ።

አክስትሽ ዘነበች ሁሉንም ነግራኛለች። ነጠላሽን የምትሸጪበት የኢንተርኔት ገበያ ለውጭ ኩባንያ ከተሸጠ ወዲህ እህል በአፍሽ እንደማይዞር፣ የተጠናቀቁት ነጠላዎች በፌስታል ታስረው አልጋ ሥር እንደ ተገፉ፣ ስልክሽን አጥፍተሽ እንደምትውዪ ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የስፌት መኪናውን ልትሸጪ ደላላ ማነጋገርሽን ግን አልችለውም። መኪናው አይሸጥም። ስለ እሱ ሁለተኛ እንዳንነጋገር።

ኀዘንሽ ይገባኛል። ያን ገበያ የመሠረተው ልጅ ሥራውን ሲጀምር ሽሮ ሜዳ ድረስ መጥቶ፣ ነጠላውን ገመድ ላይ ዘርግቶ ያነሣውን ፎቶግራፍ ልከሽልኝ ነበር። ጥለቱ ደኅና አድርጎ እንዲታይ ከወዲያ በኩል ጫፉን የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ጣቶችሽ ብቻ ይታያሉ። «የእኛው ልጆች የሠሩት ነው» እያልሽ ለሰው ሁሉ ታወሪ ነበር። ሌሎቹን ሻጮች እየጎተትሽ ያስገባሻቸውም አንቺ ነሽ። አሁን ኮሚሽኑ ጨመረ፤ ደንበኞች የሰጡሽ ኮከብና የጻፉልሽ ምስጋና ወደ አዲሱ አሠራር ሳይዛወር ጠፋ፤ «የሐበሻ ቀሚስ» ብሎ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ጥለቱ በፋብሪካ የታተመ የቻይና ጨርቅ ሆነ። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ቀናት የፈጀበትን ሥራ ከዚያ ጨርቅ በታች ተደርድሮ ማየት ያማል። እኔንም አሞኛል።

ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከእነዚያ ሁሉ ደንበኞች የስንቱ ስልክ ቁጥር በእጅሽ አለ? አክስትሽ ብትጠይቅሽ «ሁሉም እዚያው ውስጥ ነበር» አልሻት አሉ። የደንበኞችሽን ስም በራስሽ ደብተር ጻፊ ብዬ የነገርሁሽ ገና ስትጀምሪ ነበር። «እማዬ፣ ዘመኑ ተለውጧል» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እሺ፣ ይለወጥ። አሁንም እላለሁ፤ በራስሽ ደብተር ጻፊ።

እዚህ ዱባይ ያየሁትን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ቤት ስሠራ እመቤቲቱ ከሕፃን ጫማ እስከ ቡና ማፍያ ድረስ የምታዘው ሱቅ ዶት ኮም ከሚባለው ገበያ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የባንክ ካርዱን ለኢንተርኔት አያምንም፤ ሂሳቡ የሚከፈለው ዕቃው በር ላይ ሲደርስ በጥሬ ገንዘብ ነው። ድርሃሙን በፖስታ አድርጋ ማቀዝቀዣው ላይ ትታልኝ ትሄዳለች፤ አምጪው ሲመጣ እኔ ቆጥሬ ሰጥቼ ሣጥኑን እቀበላለሁ። ኅዳር ላይ «ነጩ ዓርብ» የሚሉት የቅናሽ ሰሞን ሲመጣ ደግሞ ኮሪደሩ በሣጥን ይሞላል። አሜሪካኖቹ «ጥቁር» የሚሉትን ዓርብ፣ ለሙስሊሙ የተከበረ ቀን ነውና «ነጭ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ያስጀመረው ያው ሱቅ ነው።

ያም ገበያ «የእኛ» የሚባል ነበር። መሥራቹ ሮናልዶ ሙሻወር የሚባል የአሌፖ ተወላጅ ነው፤ አሜሪካ ተምሮ፣ ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ዱባይ ላይ ጀመረው። መነሻው መክቱብ የሚባለው የዮርዳኖስ የኢንተርኔት ኩባንያ ነበር። መጀመሪያ ሐራጅ የሚካሄድበት ነበር፤ ኋላ ነው ቁርጥ ዋጋ ወደሚሸጥበት ገበያ የተለወጠው። የአሜሪካው ያሁ በ2009 መክቱብን ሲገዛ ሱቅ ከግዢው ውጭ ሆኖ ለብቻው ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከባለሀብቶች ከ275 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሰበስብ ዓረቡ ሁሉ ኮራበት፤ ዋጋው ቢሊዮን ገባ ተባለ። በዓመቱ ተሸጠ። የዱባዩ የገበያ ማዕከሎች ባለቤት ኤማር ሞልስ 800 ሚሊዮን ዶላር ልስጥ ብሎ ሳለ ገበያው የሄደው ለአሜሪካው አማዞን ነው፤ አማዞን የከፈለው 580 ሚሊዮን መሆኑን በኋላ ራሱ ገለጠ። ሜይ 1 ቀን 2019 እዚህ ኤምሬቶች ስሙ ተነሥቶ አማዞን ተባለ። ሳዑዲ በ2020፣ ግብፅ በ2021 ተከተሉ።

ይህን ቁጥር ሁሉ ያስጠናኝ የቤቱ ትልቅ ልጅ ነው፤ የንግድ ትምህርት ይማር ነበርና ምግብ ሳበስል ማድቤት ቆሞ ያነበንብልኛል። እኔ ግን የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ስሙ የተለወጠ ሰሞን እመቤቲቱ «ውይ፣ ተለወጠ እንዴ?» አለችና የሳሙናዋን ትእዛዝ ቀጠለች። በቃ። በማግሥቱ ሣጥን መጣ፤ ተቀበልሁ። ገዢ ለገበያ አያለቅስም፣ ሰላማዊት። ደግሞ ከዚህ የሚብሰውን ልንገርሽ፤ በእጄ ካለፉት ሣጥኖች ሁሉ ዕቃውን የሸጠው ሰው ማን እንደ ሆነ አንድም ቀን አላወቅሁም። አንዱ ሻርጃ ተቀምጦ የሚነግድ ባለ ልጆች ሊሆን ይችላል፤ አንዷ እንዳንቺ በቤቷ የምትሰፋ ልትሆን ትችላለች። እኛ የምናውቀው ሣጥኑ ላይ የታተመውን የገበያውን ስም ነበር። ስሙ ሲነሣ እነሱም አብረው ከዓይናችን ጠፉ። ጠፉ ማለትም አይቻል፤ መጀመሪያውኑ አላየናቸውም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከእጅሽ በሚወጣ ነጠላ ሁሉ ጫፍ ላይ ስምሽን ስፊበት። ትንሽ ነጭ ጨርቅ፣ ስምሽና ስልክሽ፣ ሲታጠብ በማይለቅ ክር። ይህን የምትሠሪው በምንድን ነው? ልትሸጪው ባሰብሽው የስፌት መኪና ነው።

ያን ልጅ «ከሃዲ» እያልሽ እንደምትረግሚውም ሰምቻለሁ። አትርገሚ። ገንዘብ ያበደሩትና አክሲዮን የያዙት ሰዎች አሉበት፤ ገንዘባቸውን ከነትርፉ ይፈልጋሉ፣ እሱም ቢሆን የራሱን ነው የሸጠው። የዚህ ቤት ሹፌር ከሕንድ፣ ከኬረላ የመጣ ነው፤ የእነሱንም ታሪክ አጫውቶኛል። ሁለት ልጆች እ.ኤ.አ. በ2007 ባንጋሎር ላይ መጽሐፍ በመሸጥ የጀመሩት ፍሊፕካርት የሚባል የኢንተርኔት ገበያ የሕንድ ሁሉ ኩራት ነበር። በ2018 የአሜሪካው ዋልማርት 77 በመቶውን በ16 ቢሊዮን ዶላር ገዛውና ከሁለቱ መሥራቾች አንዱ በዚያው ድርሻውን ሽጦ ወጣ። የሱቁ ሙሻወር ደግሞ ከሸጠ በኋላ ለአማዞን እየሠራ እዚያው ቆየ። አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቆያል፤ ገበያው ግን በሁለቱም አገር የሌላ ሰው ሆኗል። በእኛም አገር ቢሆን መንግሥት በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግዱን ለውጭ ባለሀብት ሲከፍት ይህ ቀን እንደሚመጣ ማን አጣው? ያ ልጅ ጥፋት አለበት ከተባለ ሻጮቹን ሰብስቦ «ቤተሰብ ነን» ያለው ንግግሩ ነው። ነጋዴ ቤተሰብ ነን ሲልሽ ቦርሳሽን ያዝ አድርጊ።

«እኛም አብረን ተሸጥን» አልሻት አሉ አክስትሽን። ይህን ስሰማ ሳቄም ዕንባዬም መጣ። ለምን እንደ ሆነ ታውቂያለሽ፤ ይህ የአያትሽ ቃል ነው።

የሙጋዱን በረንዳ ታሪክ አክስትሽ እያሳጠረች ነው የምትነግርሽ። እናቴ ባዘቶውን አዘጋጅታ፣ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችውን ጋቢ የምትሸጠው ደሴ ሙጋድ፣ ሐጂ የሚባሉ ሰው የጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ ነበር። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያው ናት። ኪራይ አትከፍልም፤ ጠዋት በረንዳውን ትጠርጋለች፣ ዓርብ ሐጂ መስጊድ ሲሄዱ መደብሩን ትጠብቃለች። እሳቸውም ጋቢ የሚፈልግ ሲመጣ ከራሳቸው መደርደሪያ ብርድ ልብስ እያለ ወደ እሷ ይልካሉ። ወረቀት የለ፣ ውል የለ። ሰው «ከሐጂ በረንዳ ያለችው» ይላታል፤ ስሟን የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ሰኞ የገበያ ቀን ጋቢዋን ተሸክማ ስትደርስ በረንዳው ላይ የጨው ጆንያ ተቆልሏል። የማታውቀው ሰው ወጥቶ «እትዬ፣ ቤቱ ተሸጧል» አላት። እሷም እንደ ቆመች «እኔም አብሬ ተሸጫለሁ ወይ?» አለችው። ሰውየው ግራ ገብቶት ዝም አለ። ሐጂ ጠቅልለው አዲስ አበባ ገብተዋል፤ አልነገሯትም።

ወደ ታች ወርዳ ከልብስ ሰፊዎቹ አጠገብ ተቀመጠች። ሩቅም አልነበረም፤ ከበረንዳው ቢጣሩ ይሰማል። ግን ከሐይቅ፣ ከኩታበር የሚመጣው ደንበኛ የሚያውቀው በረንዳውን ነው። መጥቶ ይጠይቃል፣ ባለ ጨዉ «አላውቃትም» ይላል፣ ይመለሳል። ቆይቶ ደግሞ ጥያቄው ሰለቸው መሰለኝ «ሞታለች» ማለት ጀመረ! ያን ክረምት ቤታችን ውስጥ የነበረውን አልነግርሽም። ከኩታበር አንዲት ሴት ለልጇ ሠርግ ጋቢ አዝዛ ቀብድ ሰጥታ ነበር፤ ሞታለች ሲሏት ቀብዷን ለነፍሷ ትታ ሄደች። በወሩ በሃያ ሰባት መድኃኔዓለም ቅጽር ውስጥ እናቴን ፊት ለፊት ብታገኛት ጮኸች፤ ሰው ተሰበሰበ። እናቴ ይህን ለጎረቤት ስታወራ እየሳቀች ነበር። ማታ መብራቱ ሲጠፋ ግን ስታለቅስ ሰማኋት፤ አንድ መደብ ላይ ነበር የምንተኛው። ጋቢውን እስከ ኩታበር ድረስ ወስዳ አስረከበች፤ ሠርጉ ግን አልፎ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሐጂ ደሴ ሲመጡ ስኳር ይዘው ሊጠይቋት ቤታችን ገቡ። አልተቆጣችም፤ ቡና አፈላችላቸው። «ቤትዎ ነው፣ ሸጡት፤ የት እንደ ተቀመጥሁ ለሰውየው መንገር ግን ምን ያስከፍልዎ ነበር?» ብቻ አለቻቸው። እኔም ያን ልጅ ባገኘው የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሻጮቹን ከአንድ ወር አስቀድሞ «ደንበኞቻችሁን ያዙ» ቢላቸው ምን ያስከፍለው ነበር?

ከመድኃኔዓለሙ ቀን በኋላ እናቴ አራተኛ ክፍል የነበርሁትን እኔን አስቀምጣ ስም ታስጽፈኝ ጀመር። ስልክ የት አለና! «የአስካለ እናት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ቀይ ጥለት አትወድም»፤ «የመምህሩ ሚስት፣ ሁለት ጋቢ ወስዳለች፣ የአንዱ ቀርቶባታል»። ደብተሩ ዛሬም አክስትሽ ሣጥን ውስጥ ነው፤ አውጪና እዪው። ከዚያ አዲስ ደብተር ግዢና በራስሽ እጅ ጻፊ። ቁጥራቸውን ፈቅደው ሲሰጡሽ፣ ምን እንደ ገዙ፣ ምን ዓይነት ጥለት እንደሚወዱ። ስልክ ውስጥ ብቻ እንዳታስቀምጪ፤ ስልክ ይሰረቃል። በደብተር፣ ሰላማዊት።

አዲሱን ገበያም ጥለሽ አትውጪ። ሰው እዚያ እስካለ ድረስ ጥቂት ነጠላ አስቀምጪበት፤ ኮሚሽኑን ዋጋው ላይ ጨምሪ። ያልከፈሉሽ ቀሪ ሂሳብ ካለ በጽሑፍ ጠይቂ፤ የመለሱልሽንም አትመሽ አስቀምጪ። ንግድ ፈቃድሽን ሳታሳድሺ እንዳትቀሪ። ለሸማኔው ያለብሽን ዕዳ ከማንም በፊት ክፈዪ፤ እሱ ልጆች አሉት። ወንድምሽም ማታ ማታ የት እንደሚሄድ ጠይቂልኝ፤ አክስትሽ ስለ እሱ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ አልወደድሁትም።

በዪ አሁን ተነሺና ነጠላዎቹን ከአልጋ ሥር አውጥተሽ አናፍሻቸው፤ ብል እንዳይገባባቸው። እህልም ቅመሺ፣ የእኔ እናት። አንቺ ሳትበዪ ስትቀሪ እዚህ የእኔ እንጀራም አይወርድም።

እዚህ ዴይራ ያሉት ሴቶች ለገና አራት ነጠላና ሁለት ጋቢ ይፈልጋሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን በሌላው ወረቀት ጽፌ አያይዤልሻለሁ፤ በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገልብጪው። አንዷ አረንጓዴ ጥለት ትፈልጋለች፣ ሰፊ እንዳይሆን። ዕቃውን ይዞ የሚመጣ ሰው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይነሣል፤ ስሙን በስልክ እነግርሻለሁ። የእናቴ ጓደኞች ናቸው ብለሽ ዋጋ እንዳትቀንሺ፤ ደመወዝ አላቸው፣ ይክፈሉ።

እናትሽ