መብራት ሲመጣ ፍሪጁን ለመሰካት አትቸኩሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አዘዞ ነው የምኖረው። ወተት እየሸጥኩ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ባለፈው ወር መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሄደ። ሦስተኛ ሲመጣ ፍሪጁ አንዴ «ጢዝ» አለና ዝም አለ። ሽታው እንደ ተቃጠለ ጎማ ነበር። በማግስቱ 20 ሊትር ወተት ደፋሁ።

የጠራሁት ጠጋኝ ልጅ ኮምፕሬሰሩን ፈትቶ አሳየኝ። «እናቴ፣ ይሄ ሞተር ካቆመ በኋላ የጋዙ ግፊት እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ቶሎ ሲነሳ ይጨነቃል፣ ይግላል» አለኝ። ለካ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመጣ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቆ መሰካት ነበር! ስታቢላይዘር፣ ማለትም የመብራቱን ኃይል የሚያመጣጥነውን ዕቃ፣ የምትገዙም፣ መብራት ሲመለስ ቆይቶ የሚያበራ መሆኑን ጠይቁ። አቅሙም ለፍሪጅ የሚበቃ ይሁን፤ ለቴሌቪዥን የሚሸጠው ትንሹ አይችለውም።

ፍሪጁን የሸጠልኝ ሰው ይህን ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ዋጋ ስንከራከር ግማሽ ቀን አብረን ውለናል። እባካችሁ ነጋዴዎች፣ ዕቃውን ስታስረክቡ አንድ ቃል ተናገሩ። እናንተም አዘጋጆች፣ ለቤት ዕቃ ምክር አንዲት ጥግ ስጡን። ጎረቤቶቼን እኔው ቤት ለቤት እየዞርኩ ነግሬአቸዋለሁ።

ወተት ሻጯ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር