ሁለት ስፖርት፣ አንድ የቀን መቁጠሪያ

ለአዘጋጁ፦

በአሜሪካ ኮሌጆች ሶፍትቦልን (ቤዝቦልን የሚመስል፣ የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) እና ቅርጫት ኳስን አጣምራ ስለምትጫወት ተማሪ ስትዘግቡ፣ ካስቆጠረችው ነጥብ ጋር የውድድር ወራቷንም እንድታዩላት አደራ እላለሁ። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ከኖቬምበር እስከ አፕሪል መጀመሪያ ይዘልቃል፤ ሶፍትቦል ግን በፌብሯሪ ይጀምራል። የቅርጫት ኳስ ቡድኗ በማርቹ የጥሎ ማለፍ ውድድር በገፋ ቁጥር የሶፍትቦል ጨዋታዎቿ ያመልጧታል።

የሚከብደው በሶፍትቦል ወርዋሪ (ለመቺዋ ኳስ የምትወረውር ተጫዋች) ከሆነች ነው። ከ13.1 ሜትር ርቀት፣ ክንዷን ሙሉ ክብ አዙራ ከታች የምትለቀው ኳስ ትከሻዋንና የላይኛው ክንዷን የፊት ጡንቻ በኃይል ይጎትታል። ቅርጫት ኳስ በይበልጥ የሚያደክመው ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ስለሆነ ክንዷ ለዚህ ሳይዘጋጅ ይቆያል። ሜዳ በቀየረችበት ሳምንት 7ቱንም ኢኒንግ (የጨዋታውን ዙሮች ሁሉ) ወርውሪ ማለት ጉዳት መጋበዝ ነው። በቅርጫት ኳሱ ወራትም ጥቂት ውርወራ ሳያቋርጡ፣ ኋላ ቁጥሩን ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል። ቤዝ ጠባቂ (ሯጮች የሚረግጧቸውን የሜዳ ማዕዘኖች የምትጠብቅ) ከሆነች ይቀላታል፤ በቅርጫት ኳስ መከላከል የለመደችው ፈጣን የጎን እርምጃ እዚህም ያገለግላታል።

አሜሪካዊቷ አትሌት ጃኪ ጆይነር-ከርሲ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩ.ሲ.ኤል.ኤ.) ቅርጫት ኳስንና አትሌቲክስን ስታጣምር፣ ለ1984 (እ.ኤ.አ.) ኦሎምፒክ ለመዘጋጀት የአንድ ዓመት ቅርጫት ኳስ ትታ ነበር። በሄፕታትሎን (ሰባት የአትሌቲክስ ዓይነቶችን ባጣመረ ውድድር) የብር ሜዳሊያ አግኝታ ወደ ቡድኗ ተመለሰች። እንዲህ ያለውን ውሳኔም ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ